የ2112ቱ ወይን እጅ

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች ዘርፈሸዋል። «እህቴ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?»

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።»

«ማን እንዳይሰማኝ? እሷ እንደሆነች ከመሬት በታች ናት!»

«በሩ ይሰማል» አለ አጥላባቸው።

ዘርፈሸዋል ዞር ብላ በሩን አየችው። ቀለሙ የለቀቀ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ነው። ከማጠፊያው በላይ ሽምብራ የምታህል ጥቁር ነገር ተለጥፋበታለች። ተነሥታ ከአልጋው ላይ ብርድ ልብስ ጎተተችና በሩን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። ከዚያ ተመልሳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ወር! አልተለቀሰላት፣ ፍትሐት አልተደረገላት። አርባዋ አለፈ፣ ሙት ዓመቷ አለፈ። በሙት ዓመቷ ቀን እኔ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ታውቃለህ? ከእሷ የመጣ መልእክት ለጎረቤት ሳነብ። ደኅና ነኝ፣ ወይኑ ሊደርስ ነው፣ ማስተዋል የፊት ጥርሷ ወለቀ የሚል። አንተ ነህ የጻፍከው።»

«እኔ ነኝ።»

«ቀልዷን እንኳ አልተውክላትም። ‹አንቺ ጥቁሯ› ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም ሞኟ ስቄ!»

«እንደ እሷ ካልጻፍኩት ታምኚኝ ነበር?»

ዘርፈሸዋል ከሸዋ ሮቢት ወደ መንዝ የወጣችው ከትናንት በስቲያ ነው፤ የሦስት ቀን የጉብኝት ፈቃድ ይዛ። ያን ፈቃድ አምስት ዓመት ጠብቃዋለች። በመጀመሪያው ቀን የእህቷ ባል «ይመናሹ ዋሻ ውስጥ ናት፤ ወይኑ ሊከፈት ስለሆነ አትወጣም» አላት። በሁለተኛው ቀንም ያንኑ ደገመ። ዛሬ ጠዋት ግን የስምንት ዓመቷ ማስተዋል የአክስቷን እጅ ይዛ ወደ ወይኑ እርከን ወሰደቻትና አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቆመች። በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አድርጋ የአክስቷን ፊት አየች።

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«ከሩቅ ቆመው አማተቡ። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ከቀበሌው ጋር የተያያዘ ነው፤ ያለ ወረቀት ምን ያድርጉ?»

«እድሩስ? ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፋው እድር ወዴት ሄደ?»

«የቆፈሩት የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጋሽ ሀብተወልድ ራሳቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሰዉ ሁሉ ያውቃል፣ ዘርፌ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላለቀሰም።»

«እንዴት አስቻላችሁ?»

«ነገ ሞታለች ብዬ ባስመዘግብ ከነገ ወዲያ እኔና ማስተዋል ቆላ ነን። እንደዚህ አስቻለን።»

«ቆላ ሰው አይኖርም? እኔ ምንድን ነኝ?»

«አንቺ ልጆችሽን የት ቀበርሻቸው?»

ይህን ከተናገረ በኋላ አጥላባቸው ራሱ ደነገጠ። ዘርፈሸዋል ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከውጭ የመስኖው ውኃ በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል።

«በአንድ ሳምንት» አለች በመጨረሻ፤ ሌላ ሰው ቀን ጠይቋት የምትመልስ ትመስላለች። «ትልቁ ማክሰኞ፣ ትንሿ እሑድ።»

በዚያ ዘመን ከፍ ያለ ቦታ የሚኖረው በፈቃድ ነበር። ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር በላይ የሚያድር ሁሉ ለምን እዚያ እንደሚያድር የሚገልጽ ወረቀት አለው። በቆላው ሰው ያለ ወረቀት ይኖራል። በሸዋ ሮቢት ሰው ቀን ቀን በተቆፈረ ምድር ቤት ተኝቶ ይውላል፤ ሥራውን የሚሠራው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ልጆች ይሞታሉ። ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

ቅድመ አያቶቻቸው ገብስ ይዘሩበት የነበረው፣ ሰው ውርጩን ፈርቶ የበግ ጠጉር ባና ለብሶ የሚያድርበት የመንዝ አምባ አሁን የነጭ ወይን አገር ነው። ከባሕር ማዶ የነበሩት የድሮ የወይን አገሮች በሙቀት ደርቀው ጉቶ ብቻ ሲቀርባቸው ለተከላ የሚሆነው የሐረጉ ቁርጥራጭ በሳጥን ተጭኖ ወደዚህ መጣ። ክረምቱ ወደ ጥቅምት ከሸሸ ወዲህ የሚለቀመው በነሐሴ ነው። ዘለላው ትንሽ፣ ቆዳው ስስ ነው፤ ፍሬው ሲነክሱት ጥርስ ያጠርሳል። ከዚያ ጎምዛዛ ፍሬ አረፋ የሚያወጣ ነጭ ወይን ይሠራል። ግን በየዓመቱ አይደለም። ነሐሴ ቀዝቀዝ ያለበት ዓመት ሲገኝ ብቻ ዓመቱ በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የ2112 ነሐሴ ቀዝቃዛ ነበር።

ወይኑ እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸግና በዓለት ዋሻ ውስጥ ስምንት ዓመት ከአተላው ጋር ይተኛል። እያንዳንዱ ጠርሙስ በየሳምንቱ ይነሣል፣ ይነቀነቃል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሊከፈት አንድ ወር ሲቀረው አንገቱ ወደ ታች ይዘቀዘቅና አተላው ቡሹ ላይ እንዲሰበሰብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይዞራል። ይህን ሁሉ ማሽን ሊሠራው ይችላል። ማሽን የሠራውን ግን ማንም ይጠጣዋል። ይህን ወይን የሚጠጡት ሰዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዲነካው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዓመት ያለው ወይን ሁሉ እጅ አለው። የሥራው መጠሪያ ይኸው ነው፤ እጅ።

እጅ እስከሠራ ድረስ ቤተሰቡ ደጋ ይኖራል። ወይኑ በዚያው እጅ ከተከፈተ ፈቃዱ የዕድሜ ልክ ይሆናል፤ ለልጅም ያልፋል። እጁ ከሞተ ወይም ከተወ ወይኑ ስሙን ያጣል፤ ከሌላ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ቤተሰቡም በሳምንቱ ይወርዳል።

ይመናሹ የ2112 እጅ ነበረች። የሞተችው በሳንባ ሕመም ነው፣ በአራት ቀን። በአራተኛው ቀን በብርድ ልብሱ ሥር እጇን እያንቀሳቀሰች ለባሏ ታሳየው ነበር። «ከአሥሩ በኋላ ሁለት ጣት» አለችው። የተናገረችው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ዋሻው ውስጥ መብራት የለም፤ ብርሃን ወይኑን ያበላሸዋል። መብራት ስለሌለ የሚያይ ዓይንም የለም። የአምባውን ሰው ሁሉ የሚከታተለው መዝገብ እጁ መግባቱን የሚያውቀው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ጓንት በኩል ነው። አጥላባቸው በየማለዳው የሚስቱን ጓንት ያጠልቃል። መዝገቡ «እንደምን አደርሽ፣ ይመናሹ» ይለዋል። መልስ አይጠብቅም። አጥላባቸው በጨለማው ውስጥ ጠርሙሱን ያነሣል፣ ይነቀንቃል፣ ያስተኛል። አሥሩን ሲጨርስ እሷ እንደምታደርገው በሁለት ጣቱ የአሥረኛውን ጠርሙስ አንገት መታ መታ ያደርጋል። በመጀመሪያው ሳምንት መዝገቡ «ደክሞሻል?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

አሁን እጁ ይህን የሚያደርገው ዋሻ ውስጥ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ድንች ሲልጥ፣ አሥር ሲሞላ፣ በሁለት ጣቱ የሣህኑን ጠርዝ ይመታል። እሱ አያውቀውም። ማስተዋል ይህን ስታይ ሁልጊዜ የያዘችውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ትወጣለች።

«የሚከፈተው መቼ ነው?» አለች ዘርፈሸዋል። ቁጣው አልፎላት ነበር፤ ፊቷ ግን አልተመለሰም።

«አርባ ሦስት ቀን ቀርቶታል።»

«የዚያን ቀን እጁ ወጥቶ በሰው ፊት ይቆማል ብለኸኛል። ማን ነው የሚቆመው? ጓንቱ ብቻውን?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም?»

«የማስበው የየዕለቱን ጠርሙስ ነው፣ ዘርፌ። ከዚያ አልፌ አላስብም።»

«ቀና በልና እየኝ።»

አጥላባቸው ቀና አላለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያናግራት ትከሻዋን ወይም ጫማዋን ነበር የሚያየው።

«እየኝ አልኩህ!»

አያት። ከአንድ ማሕፀን በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ ግንባሩ፣ የአፍንጫው ቁልቁለት፣ የታችኛው ከንፈር ሁሉም አንድ ነው።

«ትመስያታለሽ» አለ። «ግን ከሰል ሆነሻል።»

«ጨለማ ያነጣል። አርባ ሦስት ቀን ጨለማ ካነሰኝ ሌላ ምን ልሁን?» ብርድ ልብሱ ደኅና መሸፈኑን በዓይኗ አረጋገጠች። «ከተከፈተ በኋላ ግን ይለቀስላታል። ድንኳን ተተክሎ፣ ጡሩምባ ተነፍቶ፣ በፀሐይ።»

«በማን ስም?»

«በእኔ።»

ጋሽ ሀብተወልድ ነገሩን በዚያው ምሽት ሰሙ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ።

«ልጄ፣ እኔ በሕይወት ያለ ሰው ቀብሬ አላውቅም።»

«የሞተ ሰው ደብቀው ያውቁ የለ እንዴ? ይኸኛውማ ይቀላል።»

«አፍሽ የእህትሽ ነው» አሉ፤ ሳቅ አሉና ሳቁ ሳያልቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ወደ ቆላ ሲወርድ መንገድ ላይ ሙቀት የበላው ሰው አስከሬን አይጠየቅም። ሦስት ምስክር ይበቃል። ግን ስምሽን አንዴ ከሰጠሽ አትመልሺውም። ገብቶሻል?»

«ታች የሚጠራኝ ሰው አልቀረም፣ ጋሼ።»

በዚያው ሌሊት ፈቃዷ አበቃ። የደጋው በር በመዝገቡ ላይ በስሟ ትይዩ «አልተመለሰችም» ብሎ ጻፈ። እሷ ያን ጊዜ የእህቷን ሥራ እየተማረች ነበር።

ሥራውን ያስተማራት አጥላባቸው ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ደርድሮ፣ ዓይኗን በነጠላ አስሮ። «አትቸኩይ፤ እሷ አትቸኩልም ነበር። ትከሻሽን አታንሺ። አሁን ሁለት ጣት። ቀለል አርጊው፤ ሕፃን እንደምትቀሰቅሺ አይደለም፣ ተኝቶ እንደሆነ እንደምታዪ ነው።» ዘርፈሸዋል የእህቷን እጅ ከእህቷ ባል እጅ ተማረች። ትምህርቱን ሲጨርሱ ሁለቱም መዳፋቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረጉ፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገሩም።

በመጀመሪያው ማለዳ መዝገቡ «እንደምን አደርሽ፣ ይመናሹ» ሲላት ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላትና ዞረች። ምንም አይታይም። የድንጋይ ቅዝቃዜና የተቦካ ሊጥ ሽታ ብቻ ነበር። ጠርሙሶቹ አራት ሺህ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ሳትቆጥር የት እንደደረሰች ታውቅ ጀመር። በሃያኛው ቀን እጇ ከእሷ ቀድሞ ይሄድ ነበር፤ እሷ ትከተለዋለች። አንዳንዴ አንገቱን በሁለት ጣቷ ስትነካ ጠርሙሱ ሙቅ ይሆንባታል፣ ሌላ ሰው አሁን እንደለቀቀው። ይህን ለአጥላባቸው ስትነግረው «አዎ» ብቻ አላት።

የመክፈቻው ቀን ፀሐያማ ነበር። እንግዶች ከየአገሩ መጥተው በነጭ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የመንዝ ሰው ከአጥሩ ባሻገር ቆሞ ያያል፤ ማስተዋልም በጋሽ ሀብተወልድ ክንድ ሥር ሆና። ዘርፈሸዋል ከዋሻው ስትወጣ ብርሃኑ ዓይኗን አስለቀሳት። ከአጥሩ ባሻገር አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዋና ቀማሹ አቶ ይገረም የሚባል ሸበቶ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣውን የይመናሹን ፎቶግራፍ በእጁ ይዟል። ፎቶግራፉን አየ፣ እሷን አየ።

«ከስተሻል።»

«ዋሻ ነው፣ ጌታዬ።»

ጠርሙሱ ተከፈተ፤ የተሰበሰበው አተላ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ወጣ። በአምባው ልማድ መጀመሪያ የሚቀምሰው እጁ ነው። ስምንት ዓመት የሠራ እጅ ወይኑን የሚቀምሰው በዚያች ቀን፣ ለአንዲት ጉንጭ ብቻ ነው። ዘርፈሸዋል ጠጣች። አረፋው ምላሷን ወጋት። መጀመሪያ ያልበሰለ ፖም፣ ቀጥሎ ዝናብ የነካው ድንጋይ፣ ከዚያ ሁሉ ኋላ የተቆላ ገብስ መጣባት። ገብስ በዚያ አገር ከተዘራ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የቀመሰችው ልጅ ሆና ነው፣ ከእህቷ ጋር ከአንድ እፍኝ።

አቶ ይገረም ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና ቀመሰ።

«እስከ ስድስተኛው ዓመት ቀላል እጅ ነው» አለ ብርጭቆውን እያየ። «ከዚያ ይከብዳል። በጣም ይከብዳል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምን ሆነሽ ነበር?»

አጥላባቸው የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ቆሟል።

«እህቴን አጣሁ» አለች።

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ለአቶ ይገረም በጆሮው አንድ ነገር ነገረው።

«ያቺ ፈቃዷ ያለፈባት? ዘርፈሸዋል የምትባለው?»

«አዎ።»

«እሷ የጠፋችው ከአርባ ቀን በፊት ነው። ሁለት ዓመቱስ?»

«አምስት ዓመት ሳላያት ቆይቻለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አንድ ነገር እንደሆነች እጄ ያውቅ ነበር።»

ቀማሹ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። ያወቀ ይመስል ነበር። ወይኑ ግን ጥሩ ነበር። ብርጭቆውን ጨረሰውና ማኅተሙን መታ። ከእንግዶቹ አንዷ ወይዘሮ «ሐዘን አለው፣ አይደል?» ስትል ተሰማች፤ ደስ ብሏታል። ጓንቱን ረዳቱ ከእጇ አውልቆ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ጡሩምባው የተነፋው በሳምንቱ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። «የይመናሹ እህት ዘርፈሸዋል ወደ ቆላ ስትወርድ ሙቀት ገድሏታልና ድረሱ!» አለ ለፋፊው። ለእህት ሞት የሦስት ቀን ድንኳን በእድሩ ደንብ አለ።

ዘርፈሸዋልን በአገሩ የሚያውቃት ሰው ከአምስት አይበልጥም ነበር። የመጣው ግን አገር ሙሉ ነው። ሴቶቹ የወይን መቀሱን ከመቀነታቸው ሳያወጡ ከእርከኑ ሮጠው መጡ። ወንዶቹ ከበሩ ጀምረው ጮኹ። «ዘርፌ! ዘርፌ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። የእድሩ ሴቶች ድስት መጣዱን ትተው ከሚያለቅሱት መሐል ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት አልቃሽ መሐል ገብታ እጇን ዘረጋች፤

«ስንቱን ጠርሙስ አቅፋ አስተኝታ አስተኝታ፣
አንድ ሰው ሳያለቅስ ሄደች ወይ ተኝታ።»

በመዝገቡ መሠረት ዘርፈሸዋል አንድም ጠርሙስ ነክታ አታውቅም። ማንም አላረማትም።

ዘርፈሸዋል እህቷ የሞተችባት ሴት በምትቀመጥበት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ቦታው የራሷ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። የሚመጣው ሁሉ ተራ በተራ እየተንበረከከ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ በይፋ የሚሉት ይህን ነው። ቃሉን ሲናገሩ ግን አንዳንዶቹ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም ይላሉ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ያልጠየቁትን ይቅርታ ነው የሚጠይቋት።

ቄሱ ለፍትሐቱ መጡ። የይመናሹ የነፍስ አባት ናቸው። መጽሐፉን ገለጡና እንደ ሥርዓቱ ወደ ሐዘንተኛዋ ጎንበስ አሉ። የቀበሌው ወረቀት የሚያውቀው የዓለም ስምን ነው፤ ጸሎቱ የሚደረሰው ግን በክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም መዝገቡ የለውም። ማንም አስፈልጎት አያውቅም።

«የክርስትና ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«ወለተ ሐና» አለች ዘርፈሸዋል።

ቄሱ ወለተ ሐና ማን እንደሆነች ያውቃሉ። አሥር ዓመት ንስሐዋን ሰምተዋል። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ያረፈው ጣታቸው ቆመ። አጥላባቸው አንገቱን ደፋ። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ረገበ፤ ሰዉ የሚጠብቀውን አውቋል። ቄሱ ወደ መጽሐፉ አላዩም። ድምፃቸውን ከተለመደው ከፍ አድርገው፣ አጥሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሐና» አሉ።

ማስተዋል ያን ጊዜ ተነሣች። ሁለት ዓመት ገደማ መምህሯ «እናትሽ እንዴት ናት?» ሲላት «ደኅና ናት» ስትል የኖረች ልጅ ናት። በሰዉ መሐል ሮጣ በአክስቷ ጭን ላይ ወደቀችና «እማዬ! እማዬ!» ብላ ጮኸች። ከአባቷ ጀምሮ ድንኳኑ ሁሉ ተከትሏት ጮኸ። በምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ጥቁር ነገር አንዲት ልጅ እናቷን መጥራቷን መዘገበች። የጎደለ ነገር አላገኘችም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አጥላባቸው እጁን ሲታጠብ ዞር ሳይል «ይመኑ፣ ፎጣውን አቀብዪኝ» አለ። ዘርፈሸዋል አቀበለችው። ፊቱን አብሶ ፎጣውን መለሰላት፤ ምን እንዳለ አላወቀውም። እሷ ፎጣውን እንደያዘች ለጥቂት ጊዜ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሐዘንተኛው ተበተነ። ሴቶቹ የእድሩን ሣህን ያጥባሉ። ማስተዋል ከጎረቤት ልጆች ጋር ቁጭ ብላ ዳቦ እየበላች የመምህሯን አነጋገር ታስመስልላቸዋለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ዘርፈሸዋል ነጠላዋን አጣፍታ በሣህን አጣቢዎቹ መሐል አለፈች። አንዷ ውኃው እንዳይረጫት ባልዲውን ሳብ አደረገችላት። በአሥራ ዘጠነኛው ረድፍ አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋን አልቀየረችም፤ ሐረጉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። የደጋው በር የዕድሜ ልክ ፈቃድ ያለውን ሰው ወዴት ብሎ አይጠይቅም። ተከፈተ፣ ከኋላዋ ተዘጋ። ልጆቿ ከተቀበሩበት ከታች በኩል የሚመጣው ነፋስ ሙቅ ነበር።

ከድንኳኑ ጋ ጋሽ ሀብተወልድና ሁለት ጎልማሶች ገመዱን ማን እንዲህ አጥብቆ እንዳሰረው ይጨቃጨቁ ነበር።